ለዘጠኙም አመልክቻለሁ

ሰሞኑን በሰፈራችን «ያ የተማረው ልጅ እንጨት ለቀማ ገባ» እየተባለ የሚወራው እውነት ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ካለው ደን አንድ ሙሉ ሸክም የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባዬ ይዤ፣ አቦን ከሩቅ ተሳልሜ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ሰፈር ወርጃለሁ። ወሬኞቹ ያልደረሱበት ነገር ቢኖር ሸክሙን የተሸከምኩት በዩኒቨርሲቲ ተቀጥሬ መሆኑ ነው። ይህን ለሁለት ሰው ተናግሬ ሁለቱም ስለሳቁብኝ፣ ለእናንተ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ነገሩ የተጠነሰሰው አራት ኪሎ ነው። አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር አንጋጦ አንገቱን ያላመመው ምሩቅ ካለ እሱ ወይ ዘመድ አለው ወይ ውጭ አገር ነው። እኔ በታሪክ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ስላለፈኝ ማስታወቂያ የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ «የሥራ ልምድ» የምትለዋን መስመር፣ ቀጥሎ የትምህርት ዓይነቱን። ሒሳብ አያያዝ፣ ማኔጅመንት፣ ሒሳብ አያያዝ፣ ነርስ፣ ሲቪል ምህንድስና፣ አሁንም ሒሳብ አያያዝ። ታሪክ የተማረ ሰው የሚፈልግ ማስታወቂያ በታሪክ አልታየም።

ያን ቀን ግን ጥግ ላይ አንድ ረጅም ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ (ስሙን አልጠራም፤ መልስ የምጠብቅባቸው ወረቀቶች አሁንም እጁ ላይ ናቸው) «ለጥናትና ምርምር ፕሮጀክቶች ጊዜያዊ ሠራተኞችን አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል» ይላል። ከሥሩ ዘጠኝ የሥራ መደብ ተደርድሯል። ለሥነ ዕፅዋት ናሙና ሰብሳቢ። ለአፈር ጥናት ጉድጓድ ቆፋሪ፤ እነሱ «የመስክ ቴክኒሽያን» ብለውታል። ለእንስሳት ሕክምና የአህያ ቁስል መዝጋቢ። ለሕዝብ ጤና ደም ግፊት ለኪ። ለቋንቋ ጥናት የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ ገልባጭ። ለኢኮኖሚክስ የገበያ ዋጋ ተከታታይ። ለሥነ ፈለክ የምልከታ ረዳት። ለጂኦሎጂ የግድግዳ ስንጥቅ ለኪ፤ 2017 ላይ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከአልጋችን ያስነሣን ጊዜ ትዝ ይላችኋል አይደል? ዘጠነኛውን መደብ ዝናብ አጥቦት አይነበብም። የሁሉም የሥራ ቦታ «እንጦጦና አካባቢው»። እንጦጦ ማለት የኔ ጓሮ ነው። የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት። እኔ ደግሞ 0 ዓመት ሞልቶ ተርፎኛል።

ለዘጠኙም አመለከትኩ። ለማይነበበውም።

«ታሪክ ተምረህ ከአህያ ቁስል ጋር ምን አገናኘህ?» የሚለኝ ካለ ሪቻርድ ፓንክረስትን እጠራበታለሁ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር እሳቸው ነበሩ። ስለ ኢኮኖሚ ታሪካችን ጽፈዋል፤ ስለ ሕክምና ታሪካችን ጽፈዋል፤ ደናችን እንዴት እንደተመነጠረና እንዴት ተመልሶ እንደተተከለም ጽፈዋል። ታሪክ እንዲህ በየቤቱ የምትገባ ትምህርት ከሆነች እኔ ዘጠኝ በር ባንኳኳ ምን ነውር አለው? ልዩነታችን፣ የሳቸውን ጽሑፍ ዓለም አንብቦላቸዋል፤ የኔን ያነበበችው የኮፒ ቤቷ ልጅ ብቻ ናት።

«ወንድሜ» አለችኝ ገጾቹን እየለየች፣ «እዚህኛው ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ለአፈር ልዩ ፍቅር አለኝ ብለሃል። እዚህኛው ላይ ለአህያ። እዚህኛው ላይ ለከዋክብት። ይሄኛው ላይ ግን ፍቅሩ ለምን እንደሆነ ቦታው ባዶ ነው።»

ባዶው ዘጠነኛው ነበር።

«ፍቅሩ ካለ ይበቃል» አልኳት።

ሌላም ችግር አነሣች፤ አድራሻ በሚለው ላይ «ፈረንሳይ» ብቻ ብዬ መጻፌን። የፈረንሳይን ቀልድ እኛ የሰፈሩ ልጆች ከሰለቸን ቆይተናል፤ ግን ሰው ይሳሳታል ብላ «ለጋሲዮን» የምትለውን በእስክርቢቶ ጨመረችልኝ። ከስሙ በፊት ግቢው ነበር። ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት የሰጡት ቦታ ከ40 ሄክታር በላይ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ላየው ከተማ መሐል የተረሳ ጫካ ይመስላል። ለጋሲዮኑ ኤምባሲ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ ሰፈሩ ግን የድሮውን ማዕረግ ይዞ ቀረ። ደኑ ለነሱ፣ ስሙ ለኛ ደረሰን።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ለሦስት መደብ ነው። የመጀመሪያው ሥነ ዕፅዋት ነበር። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያንጠለጠሉ ዶክተር «ከእንጦጦ ዛፎች ሦስቱን ጥራልን» አሉኝ። ያደግሁበት ተራራ ነውና ሳላስብ፦

«ባሕር ዛፍ፣ ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ቀይ ባሕር ዛፍ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ነገሩ እንደተበላሸ ገባኝና ወደማውቀው ሸሸሁ። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ ተነሥቶ በ1880ዎቹ መጨረሻ እኛ ዘንድ መድረሱን፣ ያኔ የአዲስ አበባ ዙሪያ በማገዶ ጭንቅ ተራቁቶ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደነበር፣ ቶሎ የሚያድገው ይህ መጤ ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ እንዳቆያት፣ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን እንደሚመሰክር አንበለበልኩት። ዶክተሩ በትዕግሥት ሰሙኝና «እኛ የምንፈልገው አገር በቀሉን ነው» አሉ። ደረጃውን ስወርድ ነው ወይራ ትዝ ያለኝ። ወይራ! እናቴ የጠላ ጋኗን የምታጥንበትን ዛፍ እንዴት ሰው ይረሳል? ጽድ አለ፣ ኮሶ አለ። ተመልሼ በሩን ባንኳኳስ ብዬ አስቤ ነበር፤ ቀጣዩ ተፈታኝ ገብቷል።

በሥነ ፈለኩ የባሰ ደረሰብኝ። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ ሰፈራችን ሁሉ ያውቃል፤ ከነሱ ጋር ለመሥራት ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ግን የሚያውቅ የለም። «የሥነ ፈለክ ስሌት ሞክረህ ታውቃለህ?» ሲሉኝ «ባሕረ ሐሳብ» አልኩ። ወንበሩን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን ዘረዘርኩ፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚመጡ፣ ጾመ ነነዌ የሚወድቅበትን ቀን በጣቴ ቆጥሬ ማውጣት እንደምችል አስረዳሁ። ከፈታኞቹ አንዷ በእውነት ተደስታ «የዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። «ልክ ነው» አለችና ፋይሌን ዘጋችው። ልክ ሆኖ መውደቅን ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር።

ስለ አህያው አልናገርም። አህያው ራሱ ፈታኝ ነበር፤ መውደቄን የገለጸልኝ በእግሩ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ለጥናቱ ያለህ ልዩ ፍቅር ኮሚቴውን ነክቶታል» አለኝ አንድ ሰው። ለየትኛው ጥናት እንደሆነ ልጠይቀው አፍሬ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ዘጋሁ። ሥልጠናው አዳራሽ ደርሼ ፕሮጀክተሩ ላይ ያለውን ርዕስ ሳነብ ነው የተቀጠርኩት ለዘጠነኛው መሆኑን ያወቅሁት፦ ከእንጦጦ ደን ማገዶ ተሸክመው ስለሚወርዱ እናቶች ኑሮ።

ሥልጠናው ሁለት ቀን ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ ሻይ ቡናው ግማሽ ቀን ይሆናል። ታብሌት ታደለን፤ ጥያቄዎቹ ቆቦ በሚባለው መተግበሪያ ተጭነዋል፤ ጠቅላላ 86። አሠልጣኛችን ርዕሱ አዲስ እንዳልሆነ አልደበቀንም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ አዲስ አበባ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች በ1991 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትሟል፤ ሸክሙን የተዉ ሴቶችም ማኅበር አቋቁመው በሽመና ይሠራሉ። «ታዲያ እኛ ለምን እንደገና እንጠይቃቸዋለን?» አለ አንድ ልጅ። አሠልጣኙ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለና ለቡና አስወጣን።

መጨረሻ ላይ ሦስት ነገር አስፈረሙን። አንድ የፕሮጀክቱ አርማ ያለበት ሰደርያ፤ አንድ ታብሌት፤ አርባ ሳሙና። ሳሙናው ለተጠያቂዎች ምስጋና ነው፤ በአንድ ሰው አንድ፣ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ።

በመጀመሪያው ቀን ሰደርያዬን ለብሼ፣ ታብሌቴን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ገና በማለዳው ወደ ደኑ ወጣሁ። ትንፋሽ ያጥራል፤ እዚያ ላይ አየሩም ስስታም ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከተጓዝኩ በኋላ ከላይ ሦስት እናቶች ጎንበስ ብለው በእግር መንገዱ ሲወርዱ አየሁ። ሸክሙ ከጀርባቸው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ስለሚዘረጋ መንገዱን ሞልተውታል። እኔ እጄን አውለብልቤ «እናቶች! አንድ ጊዜ!» አልኩ።

እንዲህ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም። አርማ ያለው ሰደርያ ለብሶ እዚያ ደን ውስጥ የሚቆም ሰው ማን እንደሆነ እነሱ ያውቁታል፤ ጥበቃ ነው። ሁለቱ ከነሸክማቸው ወደ ገደሉ ታጠፉ። ሦስተኛዋ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉት፣ ገመዳቸውን በአንድ እጅ ፈተው ሸክማቸውን ጣል አደረጉና ነጠላቸውን አፈፍ አድርገው ተሰወሩ። እየሮጡም ድምፃቸውን ለየሁት። «ምነው በጠዋት!» ያሉት የኛው ሰፈር እማማ ናቸው። ልጅ ሆነን ከቤታቸው የተቀቀለ ድንች እንበላ ነበር።

ሸክሙ አጠገብ ቆምኩ። ሥልጠናው ላይ ተጠያቂ ቢሸሽ ምን እንደሚደረግ አልተነገረንም። ሱፐርቫይዘሩ ጋ ደወልኩ፤ «የጂፒኤሱን ነጥብ ያዝ፤ ትክክለኛነቱ ከ5 ሜትር በታች ይሁን» አለኝ። ያዝኩ። እንጨቱ ግን የእማማ የዛሬ እንጀራ ነው፤ ጥዬው ብሄድ ሌላ ይወስደዋል። እሸከመዋለሁ አልኩ።

ስለዚያ ሸክም ብዙ መጻፍ እችል ነበር። ገመዱ ትከሻ ላይ ሳይሆን ደረት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ክብደቱ ወገብ ላይ ይቀመጣል፤ ቀና ካልክ ወደ ኋላ ይጥልሃል፤ ካጎነበስክ መሬቱን እንጂ መንገዱን አታይም። ለዚያ ነው እነዚያ እናቶች ሰላምታ የማይመልሱት፤ የሚያዩት ጫማህን ነው። ቁልቁለቱ ያግዛል የሚል ካለ እሱ ቁልቁለት የወረደው በመኪና ነው። የኤምባሲው አጥር ጋ ስደርስ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እዚያው የቆመ የታክሲ ረዳት ትኩር ብሎ አየኝና ጮክ ብሎ «ጋሼ፣ ለሸክሙም ይከፈላል!» አለ። ከጎኑ የአብሮ አደጌ እናት ቆመዋል። የሰፈሩ ወሬ የተወለደው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

እማማ በአቋራጭ ቀድመውኝ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ። መጀመሪያ ሸክሙን አዩ፤ ቀጥለው እኔን።

«አንተ ነህ እንዴ ያባረርከኝ?»

«ይቅርታ እማማ፣ ጥናት ነው።»

«አይ ጥናት!» አሉና ከት ብለው ሳቁ። «ና ግባ። ውኃ ጠጣ። ከዚያ ትጠይቀኛለህ፤ መቼስ ሳትጠይቀኝ አትሄድም።»

የስምምነቱን ቅጽ ማንበብ ስጀምር አቋረጡኝ። «ስሜ አይጻፍም፣ ባልፈልግ ማቆም እችላለሁ፣ ጥቅሙ ለወደፊት ነው። አውቀዋለሁ። ቀጥል።»

«የቤተሰብዎ ብዛት ስንት ነው?»

«እንዲህ ብለህ አትጠይቅ» አሉኝ። «ልጅ ቆጥሮ የሚናገር እናት የለም። ትናንት ማታ ስንት ሰው ራት በላ በል።»

«ትናንት ማታ ስንት ሰው ራት በላ?»

«አምስት። አንደኛው እንግዳ ነው፤ እሱን ቀንስ።»

«ወርሃዊ ገቢዎ በብር?»

«ተመስገን።»

ታብሌቱ «ተመስገን»ን አይቀበልም፤ ቁጥር ይፈልጋል።

«የወር ገቢ ያለው የወር ደመወዝተኛ ነው» አሉኝ። «እኔን ትናንት ስንት ሸጥሽ፣ ለማን ሸጥሽ ብለህ ጠይቀኝ። ቅጠሉ ለእንጀራ ጋጋሪ ነው፤ ወፍራሙ ለጠላ ጠማቂ። ዋጋው አንድ አይደለም። የጾም ጊዜና የበዓል ሰሞንም አንድ አይደለም። አንዱን ቀን ይዘህ በ30 ብታበዛው ትሳሳታለህ፤ ባለፈው የመጣው ልጅ እንደዚያ አድርጎ ሀብታም አደረገኝ።»

ታብሌቱን ትቼ ደብተሬን አወጣሁ።

«የሚሸከሙት እንጨት ክብደት በኪሎ ግራም?»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ደጃፍ ወዳለው ሸክም በአገጫቸው አመለከቱ። «አንተ ተሸክመህ መጥተህ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

የ52ኛው ጥያቄ ነገር ደግሞ ያሳፍራል። «በደን ጥበቃ ሠራተኞች አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል? በጣም ረክቻለሁ፤ ረክቻለሁ፤ ገለልተኛ ነኝ፤ አልረካሁም፤ ፈጽሞ አልረካሁም።»

«ጠዋት ስሮጥ አላየኸኝም?»

61 ላይ ደርሰን ቆሎ አቀረቡ። ለማረፍም፣ ነገሩን ለማሳመርም ብዬ የአክሊሉ ለማን ታሪክ አወራኋቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። ከዚያ ምልከታ ተነሥተው እንዶድን ዓመታት መረመሩ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ይጠራል። እኔ ይህን ታሪክ ሳወራ ሁልጊዜ ጸጉሬ ይቆማል። ከቤተ ሙከራ የጀመረ ግኝት ብዙ ሰምተናል፤ ይህ የጀመረው ዝቅ ብሎ ወንዝ ካየ ሰው ነው።

እማማ ቆሏቸውን እየዘገኑ በጥሞና አዳመጡ። «ጎበዝ ሰው ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተው፦ «አጣቢዎቹስ? ምን ሰጧቸው?»

እንጃ አልኩ። ድሮ ቢሆን «ሳይንሱ ለእነሱም ነው» ብዬ የምመልስ ይመስለኛል፤ ወገቤ ግን ገና እንደጎበጠ ነበር።

«ለኛ ሳሙና ነው» አሉ እማማ።

ያኔ ነው ሳሙናው ትዝ ያለኝ። አንዱን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ተቀበሉ። የፊርማውን ወረቀት ሳቀርብ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። «ለሳሙና ፊርማ የለኝም። አሻራ ሰጥቶ ስንቱ ቤቱን አጥቷል።» ብለምንም አልሆነም።

ሌሎቹን 39 በአሥራ ሁለት ቀን ጨረስኩ፤ ሰደርያውን ቤት ትቼ፣ እማማ ባስተማሩኝ አጠያየቅ። ሱፐርቫይዘሩ መረጃዬን አይቶ «የገቢው ክፍል እንዴት እንዲህ ንጹህ ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኤክስፐርት አማክሬ ነው» አልኩት። ስማቸውን ጻፍ አለኝ። ስም አይጻፍም ብዬ ራሴ ያነበብኩላቸው ቅጽ አለ።

ክፍያው ላይ ብዙ አልቆይም። አበሉ ከሪፖርት በኋላ ሆነ፤ ሪፖርቱ ከፊርማ በኋላ፤ ፊርማው ከንብረት ርክክብ በኋላ። በርክክቡ ላይ 40 ሳሙና ወጥቶ 39 ፊርማ ብቻ ተመለሰ። ገንዘብ ያዡዋ ጥሩ ሴት ናት፤ ግን «አንድ ሳሙና ጎድሎ ሒሳብ አይዘጋም» አለችኝ። ከኪሴ ልግዛ አልኳት፤ ደረሰኙ ከግዥው ቀን ጋር አይገጥምም። እንዲህ ስንመላለስ ሰኔ 30 ደረሰና የተዘጋው በጀቱ ሆነ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የሐምሌ ዝናብ እያረፈብኝ፣ ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ እማማ ሄድኩ። ጉዳዩን ሁሉ ነገርኳቸው።

«አልፈርምም» አሉ። «ሳሙናህን ግን ውሰድ።» ከአልጋ ሥር አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ጎትተው አወጡ። ሳሙና ሞልቶታል። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፤ አንዳንዱ ማሸጊያው ደብዝዟል። ከሥሩ የተጣጠፈ የቲሸርት ቁልልና የአንድ ፕሮጀክት ስም ያለበት ጃንጥላ ይታያል። «የወገብ ሕመሙ ይሄ ነው። ይሄ የምድጃው። ይሄኛው የልጆቹ ክትባት ጊዜ የሰጡኝ። ያንተ የቱ ነበር?»

አየሁ፤ መለየት አልቻልኩም።

አንዱን አንስተው በነጠላቸው ጠረግ አደረጉና እጄ ላይ አስቀመጡት። «ይሄን ለነሱ መልስ።» ሌላ አንስተው ደግሞ፣ የሸሚዜን አንገትጌ በዓይናቸው እየመዘኑ፣ «በዚህኛው ይሄን እጠበው» አሉኝ። «ሰኞ ኢንተርቪው አለኝ አላልክም?»